የአያ ጅቦ ጥርስ
ሕፃንና ጭራቅ የሚወዳጁበት ሥዕላዊ መጽሐፍ ለጣና ዳር ልጅ ሲዘጋጅ የጭራቁ ጥርስ መሣል ይኖርበታልን? የአማርኛ ተረት ጅብን «አያ ጅቦ» እያለ በታላቅ ወንድም ማዕረግ ይጠራዋል፤ መንጋጋውን ግን አይነሣውም። በብዙው ተረት ሞኝ ነው፤ ቢሆንም ይበላል። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የሕፃናት መጽሐፍም ጭራቆቹ ልጁ እንዳይለያቸው ሲማጸኑት፣ ስለሚወዱት እንደሚበሉት ይነግሩታል። በዚህ ረገድ ሁለቱም ሕፃኑን አያታልሉም።

ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ ጉማሬ ይኖራል፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እያደነቀው ይርቀዋል። ጭራቁን ለማዳ ብቻ አድርጎ የሚሥል ሠዓሊ ሕፃኑን ከፍርሃት ነጻ ያወጣ ይመስለዋል፤ የነፈገው ግን ጥንቃቄን ነው። ልጁ ነገ ከብት ሊያጠጣ ወደዚያው ዳር ይወርዳል።