ያለፈውን ዘፈን ስለ መናፈቅ

እኩዮቼ «ደጉ ዘመን» እያሉ የሚናፍቁት ዘፈንና ዳንስ የየትኛው ዘመን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። በገርጂ ካንድ ሱቅ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ሲሰማ ሽማግሌው ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ደስታውም እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወጣቶች ሳለን ቀይ ሽብር የእኩዮቻችንን ሬሳ በየመንገዱ ይጥል ነበር። ዳንስ ቤት የገባም ሰው በሰዓት እላፊ ምክንያት መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እየጨፈረ ያድር ነበር፤ (ይህንንም እንደ ጀግንነት የሚያወሩት አሉ)። ዘፈኑ በደል የለበትም፤ መውደዱም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ለልጆቻችን ስለ ዳንሱ ብቻ ነግረን ሰዓት እላፊውን ብንደብቅ ሐሰት ማስተማራችን ነው። በሠርግ ቤት ያ ዘፈን ሲዘፈን ሁሉም ተነሥቶ ይጨፍራል፤ ወንድሟን በዚያ ዓመት ያጣች ወይዘሮ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ደጅ ትወጣለች። ወንድሟም ያንን ዘፈን ይወድ ነበር።