መሄድ የማይችል፣ ቀረ ይባላልን?

መርሳት ምን እንደሆነ ስኳር በቡና ውስጥ ሲሟሟ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስኳሩ በየትኛው የስኒው ጥግ እንደተጨመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቡናው አይናገርም። ቅንጣቶች ሲነካኩ የመነሻቸው ምልክት ለሁሉም ይዳረሳል፤ ለሁሉም የተዳረሰ ደግሞ ከአንዱ ዘንድ ብቻ ተፈልጎ አይገኝም።

ይህ ደንብ ግን የማይሠራበት ሥፍራ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 አሜሪካዊው ፊሊፕ አንደርሰን አንድ እንግዳ ነገር አሳየ። በጠጣር አካል ውስጥ እንደ ማዕበል የሚጓዝ ኤሌክትሮን፣ የአቶሞቹ አሰላለፍ በበቂ መጠን ከተዛባ ባለበት ተገትቶ ይቀራል። ከየእንቅፋቱ የሚመለሱት ማዕበሎች ተደራርበው፣ ከመነሻው የራቀውን ክፍል ያጣፉታል። አንደርሰን በ1977 ከመምህሩ ከቫን ቭሌክና ከእንግሊዛዊው ኔቪል ሞት ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ይህ የአንድ ብቸኛ ቅንጣት ታሪክ ነው። ብዙ ሆነው ሲነካኩስ፣ አንዱ ሌላውን ገፍቶ አያስለቅቀውምን? ባስኮ፣ አላይነርና አልትሹለር በ2006 ሁልጊዜ እንደማያስለቅቀው በስሌት ተከራከሩ። በ2015 ደግሞ ሙኒክ ውስጥ የኢማኑኤል ብሎህ ቡድን እጅግ የቀዘቀዙ የፖታሲየም አቶሞችን በሌዘር ብርሃን በተሠራ፣ የገበጣ ጉድጓዶችን በሚመስል ረድፍ ላይ፣ አንዱን ጉድጓድ ባዶ እየተወ አሰፈራቸው። ረድፉ የተስተካከለ ሲሆን አቶሞቹ ወዲያው ተደባለቁ። የጉድጓዶቹ ጥልቀት በበቂ መጠን ሲዛባ ግን፣ ቢነካኩም እንኳ የመጀመሪያ አሰፋፈራቸው ምልክት አልጠፋም።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ትውስታን የሚጠብቀው ሥርዓት፣ የሚያጠፋው ትርምስ ይመስለን ነበር። እዚህ የተስተካከለው ረስቶ የተዛባው አስታወሰ። ታዲያ ያልረሳውን ሁሉ ታማኝ እንበለውን?

አይመስለኝም። ከአቶም ግብረ ገብ አይቀዳም፤ ጥያቄን ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል። እነዚያ አቶሞች ቦታቸውን የጠበቁት መሄጃ ስላጡ ነው። መሄድ የማይችል፣ ቀረ አይባልም። ዋጋም አለው፤ እንዲህ የተገተረ አካል ሙቀት አያስተላልፍም፤ አንዱ ጫፍ ቢግል ሌላው አይሰማም። የአባቱን በደል ለሠላሳ ዓመት ሳያዛንፍ የቆጠረ ሰው «አይረሳም» ተብሎ ሲመሰገን ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቀው፣ ከእርሱ ወደ ልጁ የሚያልፍ ሙቀት አለ ወይ ብዬ ነው። ታማኝ የምለው የሚሄድበት መንገድ እያለው ያስታወሰውን ነው፤ ቂመኛው ግን መንገዱ የተዘጋበት ነው።

ሊቃውንቱ ይህ መገተር ለዘለዓለም ይጸና እንደሆነ ዛሬም ይከራከራሉ። ደ ሩክና ሁቨኔርስ በ2017 እንደተከራከሩት፣ መዛባቱ የሳሳባት አንዲት ትንሽ ሥፍራ ከተገኘች፣ ከእርሷ የሚነሣው መደባለቅ ቀስ በቀስ ሁሉን ሊያዳርስ ይችላል። ለእነርሱ ይህ ያልተዘጋ ስሌት ነው። በሰው ልብ ውስጥ ግን እንዲህ ያለችው ሥፍራ እንድትገኝ እመኛለሁ።