ላላነበባችሁት መጽሐፍ አታልቅሱ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ አንድ የሐረር ትምህርት ቤት የንባብ ክበቡ ተማሪዎች የጻፉትን እንዳይለት ጠይቆኝ ነበር። ርእሱ ደስ ይላል፤ በትርጉም ልብ ወለዶች ውስጥ ሴት ልጅ ከልጅነት ወጥታ ሴት እስክትሆን የሚደርስባትን መከራ ማየት ነው። አብዛኞቹ የስካርሌትን ታሪክ፣ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን መርጠዋል፤ ጥቂቶቹ የፋንቲንን፣ «ምንዱባን»ን። መነጽሬን አድርጌ በደስታ ተቀመጥሁ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አንዱ የጻፈውን ሌላውም ጽፎታል። ስካርሌት ጠንካራ ሴት ናት፤ ፋንቲን ለልጇ መሥዋዕት ሆነች፤ ከመጽሐፉ ተስፋ አለመቁረጥን ተምሬአለሁ። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። ከቴሌግራም የወረደ ማጠቃለያ መሆኑ ያስታውቃል። አንዷማ መጽሐፉን እያለቀሰች እንደ ጨረሰችው ጽፋለች። ፋንቲን ጸጉሯን መሸጧን ታውቃለች፤ ከጸጉሯ ቀጥሎ የሸጠችውን ግን አታውቅም። የፊት ጥርሶቿን ነው የሸጠችው ልጄ። ያንን ገጽ ያነበበ ሰው ሳይጠቅሰው አያልፍም፤ የዚያን ሌሊት እንቅልፍም አይወስደውም።

ያላነበቡትን አነበብሁ ማለት ውሸት ነው። ውሸት በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ኃጢአት መሆኑን ለሐረር ልጅ ማስረዳት አይገባኝም። ዳዊትን በማጠቃለያ የደገመ ክርስቲያን አላውቅም። በጀጎል ግንብ ውስጥ ቁርአን የሚቀሩ ሕፃናትም ሱራውን በአሥር መስመር አሳጥሩልን ሲሉ አልሰማሁም። ለፈጣሪ ቃል ያላችሁን ትዕግሥት ፈጣሪ በአምሳሉ ለፈጠራት ሴት መከራ ሲሆን ለምን ትነፍጋላችሁ? መከራ ርዝመት አለው። የ«ምንዱባን» ደራሲ ቪክቶር ሁጎ የፋንቲንን ውድቀት በዝግታ ያወረደው ስቃይዋ ራሱ ዘገምተኛ ስለ ነበር ነው፤ ዛሬ ሥራዋን ታጣለች፣ ክረምት ይገባል፣ ዕዳው ይከመራል፣ ልጇን የያዙት ሰዎች ገንዘብ ጨምሪ ይላሉ። እናንተም አብራችሁ እየጠበቃችሁ፣ እየሰለቻችሁ፣ እየፈራችሁ ነው መከራዋን የምታውቁት። ማጠቃለያው ይህን መጠበቅ ይቆርጠዋል፤ የሚተርፋችሁ ወሬ ብቻ ነው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» እንዴት ወደ አማርኛ እንደ ገባስ ታውቃላችሁ? ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ነው የተረጎመው። ወረቀት በሌለበት የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እየለቀመ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ የማርጋሬት ሚቸልን ከሺህ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሰው። እነዚያ ወረቀቶች ተደብቀው ከእስር ቤት ወጡ። ይዞ የወጣ ሰው ቢያዝ ምን ይገጥመው እንደ ነበር ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። እንግዲህ ነገ ይውጣ ይሙት የማያውቅ ወጣት በጉልበቱ ላይ ጽፎ ያወረሳችሁን፣ እናንተ መብራት ባለበት ቤት አልጋ ላይ ጋደም ብላችሁ «ረዘመብን» ትላላችሁ። ይህ ያስቆጣኛል። ዕድሜዬ ቁጣዬን ያበርደዋል ብዬ ነበር፤ አላበረደውም።

ይህን መጽሐፍ ያገኘሁት ወጣት መምህርት ሳለሁ ከባልደረባዬ ተውሼ ነው። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራ ስሟን መጻፍ ችላ ነበር፤ መጽሐፍ ግን አታነብም። ስለዚህ ሐረር ቀላድ አምባ በነበረው ቤታችን ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላት ነበር። መጀመሪያ አልወደደችውም። የፈረንጅ ሴት ስለ ቀሚሷ ስትጨነቅ ምን ያደርግልኛል ትለኝ ነበር። ሜላኒ የምትባለው ሴት ምጥ ከያዛት ቦታ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከተማው አትላንታ ሊያዝ ነው፤ ሐኪሙ ከቁስለኞች መሐል አልላቀቅ ብሏል፤ ማዋለድ እችላለሁ ስትል የከረመችው ገረድ በመጨረሻዋ ሰዓት ምንም እንደማታውቅ ተናዘዘች። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን መሬት አኖረችና «ቆይ» አለችኝ። «ወገቧን ማን ያዘላት?»

ስካርሌት አጠገቧ እንደ ነበረች ነገርኋት። ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ጀመረች። ጨርጨር አገር፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ባሏ መንገድ ሄዶ ሳለ ምጥ ያዛት። ወገቧን ይዛ ያነጋችው አንዲት ኦሮሞ ጎረቤቷ ናት፤ ያኔ አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አይሰሙም ነበር። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ አላደገም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬ ወንድም እንደ ነበረኝ ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው። ስሙንም ነገረችኝ። እናቴ በዚያ ዕድሜዋ መዳሯን ማንም እንደ በደል አልቆጠረውም፤ ኋላ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት 15 ዓመት ይበቃታል ይል ነበር። ዛሬ ሕጉ 18 ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ አሜሪካዊት ስለ አትላንታ የጻፈችው ገጽ የእናቴን አፍ ከፈተ። እኔ ለብዙ ዓመት ልጇ ሆኜ፣ ያውም ቋንቋ አስተማሪ ሆኜ፣ አንድም ቀን ያልጠየቅኋትን ጠየቀልኝ። የትርጉም ልብ ወለድ ጥቅሙ ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ እኔ የማውቀው ጥቅም ይህ ነው።

ሴቶቻችን ድሮ የሚነጋገሩበት ቦታ አያጡም ነበር። በጀጎል የጌይ (የሐረሪ) ልጃገረዶች አንዲት ታላቅ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር፤ ሙዳዩና ሰፌዱ ወራት ስለሚፈጅ ትዳርንም፣ ወሊድንም፣ አማትንም ከትልልቆቹ አፍ እየሰሙ ነው የሚያድጉት። ከግንቡ ውጭ ያለነውም ቡናው ዘንድ እንሰማ ነበር። ዛሬ ያ ጉባኤ ሳስቷል። ካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ እዚህ ሐረር ኖራ አጥንታ፣ ታሪኩ በከፊል እዚሁ የሚውል ልብ ወለድ በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትማለች፤ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪም በ2019 እ.ኤ.አ. ፊልም አድርጎታል። ሌላው ዓለም የሐረርን ሴት ለማወቅ ከውቅያኖስ ማዶ ይመጣል። እናንተ ከስልካችሁ እስከ አያታችሁ መደብ ያለውን ርቀት መሻገር አቃታችሁ።

ወደ ወረቀቶቻችሁ ልመለስ። ስካርሌት ጠንካራ ናት ብላችሁ ጻፋችሁ። እሺ፤ የወገቧን ማጥበቂያ ገመድ እየሳበች የምታስርላት ማን ናት? ማሚ። ማሚ ከዚህ መጠሪያ በቀር ስም አልተሰጣትም፤ ምን አልማ ምን አጥታ እንደ ኖረች መጽሐፉ አይነግረንም። ያቺ ማዋለድ አላውቅም ያለችው ፕሪሲም በጥፊ ተመትታለች፤ እሷም እኮ ልጅ ናት፤ ከልጅነት መውጣት የሚባለው እሷንም ይመለከታል። ማርጋሬት ሚቸል ታሪኩን ከባሪያ ጌቶቹ ወገን ሆና ነው የተረከችው። መጽሐፉን የምወደውን ያህል ይህ ያመኛል። ካነበብኋቸው ወረቀቶች አንዱም ስለ ማሚ አልጻፈም፤ ማጠቃለያው ውስጥ የለችማ! ሐረርም በቀድሞ ዘመን ባሪያ የተነዳባት፣ የተሸጠባት ከተማ ናት። የዚህ አገር ልጅ ማሚን ሲያልፋት ከሌላው ይልቅ ያስነውረዋል።

ደግሞ ብዙ ሩቅ አትሂዱ። በየቤታችን ከፈዲስ፣ ከግራዋ፣ ከበደኖ የመጣች ልጅ አለች። ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ይዛ የምትሰለፈው እሷ ናት። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፤ እናንተ ዩኒፎርማችሁን ስትለብሱ እሷ ምጣድ ላይ ናት። ዕድሜዋ ከእናንተ ይስተካከላል፤ አንዳንዷም ታንሳለች። «ልጅቷ» ትሏታላችሁ። «ልጅቷ ሻይ ታምጣ፣ ልጅቷ ጫማዬን ታጽዳ።» እሷ ባመጣችው ሻይ እየታገዛችሁ ነው የሴትን ልጅ መከራ በተመለከተ ያንን ሁሉ የጻፋችሁት። አንዳንዷ ይህ ሲመርራት በጅቡቲ በኩል ዐረብ አገር ትሻገራለች፤ የደረሰባትን አልቅሰን እንሰማለን፤ ከእኛ ቤት ምን ሸሽታ እንደ ሄደች ግን አንጠይቅም።

ወንዶቹ ልጆች፣ ርእሱ የሴቶች ነው ብላችሁ ከመጻፍ ያመለጣችሁት፣ ከሰዓት በኋላውን በበርጫ ጨርሳችሁ ማታ ጊዜ አጣን አትበሉኝ። ትረካ እናዳምጣለን ለምትሉም ክፋት የለውም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሰማው። የሰማችሁትን ሰማሁ በሉ፤ አነበብሁ አትበሉ።

ወረቀቶቹን ያለ ውጤት መልሻቸዋለሁ። አስተማሪያችሁ ጨከኑ ብሎኛል፤ ይበል። ክረምቱ ሁለት ወር አለው፤ ለአንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይበቃል። ከመካከሉ አንድ ምዕራፍ ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት፤ ስታቋርጣችሁ አትቆጡ፤ የምትነግራችሁን ስሙ። «ልጅቷ» የምትሏትንም በስሟ ጥሯት፤ ከእናንተው ጋር ተቀምጣ ትስማ። መስከረም ሲጠባ የማታ ትምህርት ምዝገባ አለ። ወላጆቻችሁን ለምናችሁ አስመዝግቧት፤ የማታውን ዕቃ እናንተ እጠቡ። ይህን ያደረገ ልጅ ስለ ማሚ የጻፈውን ያምጣልኝ፤ ቤቴ ይታወቃል፤ አነብለታለሁ፤ እርማቱንም በእጄ እጽፍለታለሁ።