የሌሊት ልብስና የቀን ዓይን

በስድስት ወር ውስጥ 73 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ የተቀበለው የሻንጋይ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ይኸውም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የከተማዪቱ ሹማምንት በእንግዳ ፊት ያሳፍሩናል ብለው ከሠጉባቸው ነገሮች አንዱ ፒጃማ ነበረ። የሻንጋይ ሰው፣ ሽማግሌውም ባልቴቷም፣ አበባ ወይም የድብ ግልገል የታተመበትን የመኝታ ልብሱን እንደ ለበሰ ማለዳ ጎመን ሊገዛ ይወጣል፤ በእርሱው ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ያወጋል፤ ቀትር ሲሆን በእርሱው ዱካ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ያያል። ስለዚህ በየሰፈሩ፣ በፒጃማ ከደጅ መውጣት ለሠለጠነ ሰው አይገባም የሚል ቤት የሚመታ መፈክር ተለጠፈ፤ በጎ ፈቃደኞችም እየዞሩ ሕዝቡን ይመክሩ ጀመር።

ነገሩ ለሳቅ የሚመች ነው፤ እኔም መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ ሳቅሁ። ነገር ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ በልቡና የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ፒጃማ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሰፊ ልብስ ነው፤ በዚያው ጎዳና በአጭር ቁምጣና እጅጌ በሌለው ካናቴራ የሚያልፈውን ጎልማሳ ግን የሚመክረው የለም። ነውሩ የገላ መራቆት ቢሆን ኖሮ ፒጃማ ለባሹ ከባለ ቁምጣው ይልቅ ጨዋ በተባለ ነበር። የተገለጠው ሥጋ ካልሆነ እንግዲህ የተገለጠው ምንድን ነው?

እንደሚመስለኝ የተገለጠው እንቅልፍ ነው። ሰው ወደ መኝታው ሲሄድ ከጫማውና ከኮቱ ጋር ሹመቱን፣ ሙያውን፣ በሰው ፊት የሚያሳየውን ቁጣና በሰው ፊት የሚያሳየውን ትሕትና ሁሉ አውልቆ በወንበር ላይ ይሰቅለዋል፤ ከዚያ በኋላ መኰንኑም ምንዝሩም፣ ሊቁም ጨዋውም፣ እኩል አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። የመኝታ ልብስ የዚያ መከላከያ የሌለው ሰውነት ምስክር ስለ ሆነ፣ በቀን ብርሃን ስናየው የምንደነግጠው የሌላው ሰው ገላ ስለ ታየን አይደለም፤ እኛም በየሌሊቱ እንደዚያው መሆናችንን ስለሚያስታውሰን ነው። አዳም የለበሰውን ልብሰ ብርሃን በበደል ከተገፈፈ ወዲህ በበለስ ቅጠል ሊሸፍን የሞከረው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ገላውስ ከበደሉ በፊትም ያው ገላ ነበረና።

ሻንጋዮች ግን ለምን አላፈሩም? መልሱ በቤታቸው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት፣ ሺኩመን የሚባሉት የድንጋይ በር ያላቸው ቤቶች፣ ሎንግታንግ በሚሉት ጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ተደርድረው የቆሙ ናቸው። ለአንድ ቤተ ሰብ የታሰበው ቤት በዘመን ብዛት ለብዙ አባወራ ተከፋፈለ፤ ወጥ ቤቱ የጋራ ሆነ፤ መጸዳጃ ስላልነበረም የሌሊቱን ገንዳ ማለዳ ተሸክሞ ወጥቶ መድፋት የሁሉም ግዴታ ነበረ። በአንድ ምድጃ ተራ እየጠበቀ የሚያበስል፣ ልብሱንም ከመስኮት በወጣ ቀርከሃ ላይ አስጥቶ በጎረቤቱ ራስ ላይ የሚያንጠባጥብ ሰው፣ ጓዳው የት አልቆ አደባባዩ የት እንደሚጀምር በምን ይለያል? መተላለፊያው ራሱ እልፍኝ ነበረ። በኋላም፣ ከ1978 ወዲህ በመጣው የኢኮኖሚ ለውጥ ኑሮ እየተሻሻለ ሲሄድ፣ ለመኝታ ብቻ የተለየ፣ ላይና ታቹ አንድ ዓይነት የሆነ ልብስ መግዛት መቻል የደኅና ኑሮ ምልክት ሆነ፤ ስለዚህ ባልቴቲቱ በፒጃማዋ ወደ ገበያ ስትወጣ ራሷን ያዋረደች አይመስላትም፤ እንዲያውም አጊጣ የወጣች ያህል ነበረ። የሹማምንቱ መፈክር ያልተረዳው ይህን ነው።

ቃሉም ራሱ በሹማምንቱ ላይ ይመሰክራል። ፒጃማ (በእኛ አገር ብዙ ሰው ቢጃማ ይለዋል) ከፋርስ ቋንቋ የወጣ ሲሆን የእግር ልብስ ማለት ነው፤ በሕንድ አገር ወንዱም ሴቱም በቀን የሚለብሰው፣ ዛሬም ከረጅም ሸሚዝ በታች የሚታጠቀው ሱሪ ነው። እንግሊዞች በዚያ በገዥነት ሲኖሩ ምቾቱን ወደዱትና ለቤት ውስጥ ዕረፍት ለበሱት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይም በአገራቸው ለወንዶች የመኝታ ልብስ አደረጉት። እንግዲህ በአንዱ አገር ፀሐይ ሲሞቅ የኖረው ልብስ በሌላው አገር አልጋ ላይ ተጋደመ፤ ከዚያ ወደ ሻንጋይ ተሻግሮ እንደ ገና በፀሐይ ቢቆም ወደ ተወለደበት ግብር ተመለሰ እንጂ ሕግ አፈረሰ ሊባል አይችልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የቀንና የሌሊት ልብስ ተለያይቶ መኖሩ ራሱ አዲስ ነገር ነው። የደጋው ገበሬ ሌሊት የተሸፋፈነበትን ጋቢ ማለዳ አራግፎ ይደርበዋል፤ በእርሱው ከብቱን ያሰማራል፤ በእርሱው ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ይሟገታል። በኦሪት ዘፀአትም የድኃውን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስለት የታዘዘው፣ ያ ልብስ የቀን መጎናጸፊያውም የሌሊት መኝታውም ስለ ሆነ ነው፤ ሕጉን የሠራው አምላክ በአንድ ልብስ ውሎ በአንድ ልብስ ማደርን እንደ ነውር አልቈጠረውም፤ ቸል ያላለው የድኃውን ብርድ ነው። በእኛ ዘንድ ልዩነቱ የሚታወቀው በሸማው ሳይሆን በአለባበሱ ነው፦ ያው አንድ ነጠላ በቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ያደገድጉበታል፤ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ያዘቀዝቁታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትሄድ ሴት ስታልፍ ያየ ሁሉ ማን ሞቶባት ይሆን ብሎ ድምፁን ይቀንሳል፤ ጨርቁ ግን ትናንት ሠርግ የዋለችበት ሊሆን ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ለለባሹ ነበር፤ አሁን ስለሚመለከተው ዓይን ልናገር። በጥር ወር 2020 (ይህም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) በቻይና በአንሁይ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በሱጆ ከተማ፣ ይህች በአትክልቶቿ ከታወቀችው ስመ ሞክሼዋ ሌላ ናት፣ የከተማው ሥነ ሥርዓት አስከባሪ መሥሪያ ቤት በመንገድ ላይ በፒጃማ የታዩ ሰባት ሰዎችን በመቆጣጠሪያ ካሜራ ከተነሣው ሥዕላቸው፣ ከስማቸውና ከመታወቂያቸው ዝርዝር ጋር፣ ያልሠለጠነ ጠባይ አሳይተዋል ብሎ ለሕዝብ አወጣ። ሕዝቡ ግን ቁጣውን በለባሾቹ ላይ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ ላይ አዞረው፤ መሥሪያ ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ኖኅ ነው። ኖኅ ከወይኑ ጠጥቶ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ተኝቶ ሳለ ካም አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ ሴምና ያፌት ግን ልብሱን በትከሻቸው አድርገው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት። መጽሐፉ የተኛውን ሽማግሌ ሲወቅስ አንሰማም፤ ርግማኑ የወረደው አይቶ በወጣው ወገን ላይ ነው፤ ያውም በካም ልጅ በከነዓን ላይ መሆኑ ሊቃውንትን ብዙ አከራክሯል። ያ የሱጆ መሥሪያ ቤት የአባቱን ድንኳን የገለጠ ካም ነበረ፤ ልዩነቱ የዘመኑ ካም ለሁለት ወንድሞቹ ብቻ ሳይሆን ለሚሊዮኖች መናገር መቻሉ ነው። በመኃልየ መኃልይም ልብሷን አውልቃ ተኝታ የነበረችው ሙሽራ ውዷን ፍለጋ በከተማዪቱ ስትዞር ያገኟት ጠባቂዎች መቷት፣ መጎናጸፊያዋንም ገፈፏት፤ የከተማ ዘብ ስለ ሰው ልብስ ሲጨነቅ የሚያደርገው ነገር በብዙ ዘመን ውስጥ ብዙም አልተለወጠም።

ነገር ግን ለፒጃማ ለባሹ ሁሉን ከፈቀድሁ ዕዳዬን በግማሽ የከፈልሁ ይሆናል፤ እርሱ እንደ ኖኅ የተኛ ሰው አይደለምና፤ ነቅቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ከሰው ዘንድ መጥቷል። በዚያው በ2010 በዌልስ በካርዲፍ አንድ ታላቅ ገበያ በፒጃማ የመጡ ደንበኞችን አላስገባም አለ፤ በ2016 ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ በዳርሊንግተን የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ቢያንስ የቀን ልብስ እንዲለብሱ በደብዳቤ ለመነች። የገበያው ክልከላ ብዙ አያሳስበኝም፤ ነጋዴ የደንበኛውን ገንዘብ ሲመልስ የሚጎዳው ራሱ ነው። የመምህርቲቱ ልመና ግን ክብደት አለው። ሕፃኑ በጧት ታጥቦ፣ ጫማው ታስሮ ወደ ትምህርት ሲሄድ፣ እጁን የያዘችው እናቱ ገና ከሌሊቱ ያልወጣች ብትሆን፣ ቀኑ ለእርሱ ብቻ የነጋ አይመስለውምን?

ሕዝቅኤል ነቢይ ስለ ካህናቱ ሲናገር፣ በመቅደስ ያገለገሉበትን ልብስ ሕዝቡ ወዳለበት ወደ ውጭው አደባባይ ይዘውት እንዳይወጡ፣ አውልቀው በተቀደሰው ጓዳ አኑረው ሌላ እንዲለብሱ ያዝዛል። ልብሰ ተክህኖ ከመቅደስ እንዳይወጣ የተከለከለው ነውር ስላለበት ሳይሆን ክብር ስላለበት ነው። እኔም ስለ መኝታ ልብስ ከመፈክሩ ይልቅ ይህ ምክንያት ይስማማኛል፦ ሰው ከፈጣሪው በቀር ማንም በማያየው ሁኔታ የሚያርፍበት ሌሊት እንደ መቅደስ የተለየ ሥፍራ ከሆነ፣ የዚያ ሥፍራ ልብስ በዚያው ቢቀር ለሌሊቱ ክብር ነው። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ መደረብም እንዲሁ ነው፤ አስተናጋጁ ስላፈረ ሳይሆን መጤውን አየሁህ ለማለት ይደርበዋል። ሹማምንቱ ይህን በትሕትና ቢለምኑ ኖሮ ሻንጋዮች እንግዳ ማክበር ያውቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የድንጋይ በር ያላቸው ሰፈሮች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዛት ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ረጃጅም ፎቆች ተዛውረዋል። መተላለፊያው በአሳንሰር ተተካ። በአሥራ ስምንተኛው ፎቅ የምትኖረው ባልቴት አበባ ያለበትን ፒጃማዋን ለብሳ፣ ዘንቢሏን ይዛ ወደ አሳንሰሩ ትገባለች፤ በአሥራ ሁለተኛው ፎቅ በሩ ተከፍቶ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ይቀላቀላታል። በዚያች በአራት ክንድ ክፍል ውስጥ ቤትም ደጅም የለም። እርሱ ዓይኑን አንሥቶ የሚቀያየሩትን ቍጥሮች ይመለከታል፤ እርሷም ጎመን ስንት እንደ ገባ ትጠይቀዋለች።