ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለ ምስክርነት

አንድ የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ «ይህን ይውሰዱ፤ ጥሩ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው? ጨው የሚሸጥ ሰው ይህንኑ ቢናገር ነገሩ አያከራክርም፤ ገዢው ቀምሶ ያውቀዋልና። መጽሐፍ ግን ተዘግቶ የሚሸጥ ነው። ዋጋው የሚታወቀው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ከተከፈለበት በኋላ ነው። ስለዚህ ስለ መጽሐፍ የሚሰጥ ምክር ከንግድ ቃልነት አልፎ ምስክርነት ይሆናል። በምስክርነት ላይ ደግሞ አበው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እስከ ማለት ደርሰዋል።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት በአንድ አነስተኛ መጻሕፍት መደብር ተቀጥሬ ነበር። ዕድሜው አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን ልጅ ሳንቲሞቹን በመሐረብ ቋጥሮ መጣና የትኛው ተረት እንደሚሻል ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ቅጂ ሳይሸጥ የቀረብንን አንድ መጽሐፍ አንሥቼ፣ አንድም ገጽ ሳልገልጥለት፣ «ይህን እኔ ራሴ በጣም ወድጄዋለሁ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ያማርረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ውሻው ለምንድን ነው የሞተው?» ሲል ጠየቀኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ውሻ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ልጁ ጥቂት አየኝ፤ ነገሩም ገባው። ከዚያ በኋላ ወደ መደብሩ ቢመጣም እኔን ግን ምንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ልብ እንበል፤ መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። ልጁን አሳዝኖታል፣ አሳስቦታልም። ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? ልጁ ከእኔ የፈለገው ጥሩ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ በፊት በዚያ መንገድ ያለፈና፣ ሲመለስ የሚያነጋግረው ሰው ፈልጎ ነበር። «ወድጄዋለሁ» ስለው ያን ጓደኝነት ቃል ገብቼለታለሁ፤ ሲመጣ ግን አላገኘኝም። ትልቅ ሰው ቢታለል ሻጩን ይከስሳል፤ ልጅ ግን የታለለው በአንድ ሻጭ መሆኑን ትቶ፣ ትልልቆች ስለ መጻሕፍት የሚናገሩት ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ላይ ነው።

«ሻጭ የመደርደሪያውን ሁሉ ሊያነብ አይችልም፤ ሥራውም መሸጥ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉን እንዲያነብ የሚያስገድደው የለም፤ «ይህን አላነበብኩትም» የሚል ቃል በእጁ አለና። ይህ ቃል የሚያዋርደው የሚመስለው ተሳስቷል፤ ለሌላው ምክሩ ክብደት የሚሰጠው ይኸው ነው። ሁሉን የሚያመሰግን አንዱንም አላመሰገነም።

የሙዚቃው ጉዳይ በአንድ በኩል ይለያል። የሙዚቃ ቤት አዲሱን ሸክላ ወይም ካሴት በድምፅ ማጉያ ሲያሰማ ገዢው በገዛ ጆሮው ይፈርዳል። ይሁንና እዚህም ከጩኸት የሚልቅ ምስክርነት አለ። አምኃ እሸቴ የውጭ አገር ሸክላዎችን የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በራሱ ወጪ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን ለሕዝብ አደረሰ። ይህ ሰው «ይህን ስሙ» ሲል ገንዘቡንና ደኅንነቱን መያዣ አድርጎ ነበር። ምክር መያዣ ሲኖረው ይታመናል።

ለመጻሕፍትም ተመሳሳይ አርአያ አለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን መጽሐፉን ገዝተው ለማንበብ ያልታደሉ ብዙዎች ቤት ገባ። ወጋየሁ ልቦለዱ ጥሩ ነው ብሎ መማል አላስፈለገውም፤ ድምፁን ሰጠውና አድማጩ ራሱ ፈረደ።

ለልጅ የምንመርጥለት የሚጠቅመውን ነው ወይስ የሚወደውን? ብዙዎቻችን መምህራን ቶሎ ወደ ፊተኛው እናደላለን። መጨረሻው ላይ ምክር የተለጠፈበትን ተረት አንሥተን፣ እኛ ራሳችን የማንደግመውን እንዲያነብ እናዘዋለን። ይህም ያው የእኔ ጥፋት ነው፤ ልዩነቱ በጎ ዓላማ መልበሱ ብቻ ነው። መልሱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይመስለኝም፤ እኛ ራሳችን ያሳዘነንን፣ ያሳቀንን፣ እንቅልፍ የነሣንን መስጠት ነው። ልጁ ባይወደው እንኳ በመጽሐፉ ላይ የሚከራከረው ሰው አያጣም።

ዛሬ ሙዚቃ በአመዛኙ ከስልክ ይደመጣል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሰማ የሚጠቁመውም መሣሪያው ነው። ጥቆማው ብዙ ጊዜ ይሰምርለታል። ነገር ግን ውሻው ለምን እንደሞተ አብሮን አያዝንም። ይህ የሰው ድርሻ ነው፤ የመደብሩ ሠራተኛ፣ የመምህሩ፣ የአርቲስቱ። እንግዲህ አንድ ልጅ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ከመደርደሪያው በፊት ኅሊናችንን እንመልከት፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣልና።