ቍጣና እውነተኛ ሚዛን



በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲቃረብ በዳሞት ተራራ ግርጌ ያለችው የወላይታ ሶዶ ከተማ በገበያተኛ ትሞላለች። እናቶች ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ አስቀድመው ያጠራቅማሉ፤ አባቶችም ለዕርድ በሬ የሚሆነውን ገንዘብ ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣሉ። እንግዲህ አንዲት እናት ከጕድለቷ ቈጥባ የገዛችውን ቅቤ ከኮባው ስትፈታው ላዩ ቅቤ፥ ውስጡ ግን ባዕድ ነገር ሆኖ ብታገኘውና ብትቈጣ፥ በእርሷ ላይ የሚፈርድ ማን ነው?

ቍጣ ሁሉ ኀጢአት አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ቍጣችን ወደ በደል እንዳያደርሰን፥ ከፀሐይ መጥለቅም አልፎ እንዳያድር አስጠንቅቆናል (ኤፌ. 4፥26)። ጌታችንም በቤተ መቅደስ የለዋጮችን ገበታ ገልብጧል፤ ርግብ ሻጮችንም ገሥጿል። ርግብ የድሆች መሥዋዕት እንደ ነበረች ልናስታውስ ይገባናል፤ ስለዚህ የጌታ ቍጣ ለአባቱ ቤት ከመቅናት የመጣ እንጂ ለራሱ ጥቅም የተደረገ አልነበረም።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን ከዚያው ከዳሞት አለን። በገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደ ተነገረው፥ ወላይታዎች ከጥንት ነገሥታቶቻቸው የሚቈጥሩት ሞተለሚ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ነበር። አባታችን ተክለ ሃይማኖት ግን ወደ ዳሞት በሄዱ ጊዜ ሐሰተኛውን አምልኮ አጠፉ እንጂ ንጉሡን አልተበቀሉም፤ አስተምረው አጠመቁት። የጽድቅ ቍጣ ማለት ይህ ነው፤ በደሉን ይጠላል፥ በዳዩን ግን ይፈልጋል።

በገበያችን የምናየው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የተታለለው ሰው «እኔስ ለምን እከስራለሁ?» ብሎ ያንኑ ቅቤ ለማያውቅ ገዥ ይሸጠዋል፤ ወይም የጐደለበትን ለመሙላት የራሱን ጣሳ ያጐድላል። ይህ ሰው ተቈጥቻለሁ ቢልም ቍጣው የጽድቅ አይደለም፤ ሌባውን ትቶ ንጹሑን ቀጥቷልና። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ የተጠላ መሆኑን ጠቢቡ ሰሎሞን ሲያስተምር (ምሳ. 11፥1) አስቀድሞ የተታለለ ሰው ያታልል ዘንድ አልፈቀደም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ወደ ሻጩ ብቻችንን ሄደን እንንገረው፤ ባይሰማን ሽማግሌዎችን ይዘን እንመለስ፤ ከዚህም በኋላ እንቢ ቢል በሕግ መጠየቅ በቀል አይደለም፥ የሚመጣውን ገዥ ማዳን ነው እንጂ። የበደለም ሰው ዘኬዎስን ይመልከት፤ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ በማዘን ብቻ አልቀረም (ሉቃ. 19)። በጊፋታ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁበት መልካም ልማድ አለ፤ ነገር ግን የተወሰደው ሳይመለስ የሚደረግ ዕርቅ ቍስልን ሳያጥቡ መሸፈን ነው።

እኛም የምናስተምረው ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። በሐሰት ሚዛን የበለጸገውን ሰው ስጦታ እያመሰገንን ተቀብለን ስለ ሚዛኑ ዝም ያልንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በሌላው ላይ ከመቈጣታችን በፊት እያንዳንዳችን በቤታችን ያለውን መስፈሪያ እንመርምር፤ ፀሐይም ሳይጠልቅ የጐደለውን እንሙላ።

ለዚህም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።