ነጃሳው ይታጠባል፤ በደሉስ?



በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ውሻ አለ። በከተማ ሌባን፣ በገጠር ጅብንና ቀበሮን ይጠብቃል። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ እርሱ ነቅቶ ያድራል። ይሁን እንጂ የዚህ እንስሳ ነገር በቤታችን ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ልብሴን ነክቶኛልና ሶላቴ እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ያለ ጠሃራ ሶላት የለምና ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እምብዛም የማይጠየቅ ሌላ ጥያቄ ከጎኑ አለ፤ «እኔስ የዚህን እንስሳ ሐቅ ተወጥቻለሁን?» የሚለው። የፊተኛውን በውሃና በአፈር እንገላገለዋለን። የኋለኛው ግን በቂያማ ቀን በአላህ (ሱ.ወ.) ፊት የሚጠብቀን ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። ሸሪዓችን ውሻን ያለ ጉዳይ፣ ለጌጥ ወይም ለጉራ ብቻ ማኖርን አይደግፍም። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከመልካም ሥራው ምንዳ በየቀኑ እንደሚጎድልበት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቃቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መላእክት ውሻ ያለበት ቤት እንደማይገቡም አስተምረዋል። ቤትን ለማስጠበቅ ውሻ ስለመያዝ ኡለማዎች ተለያይተዋል። በ1277 ያረፉት ታላቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ኢማም አን-ነወዊ ግን ጉዳዩ ያው ጥበቃ ነውና በቂያስ የተፈቀደ መሆኑ ይበልጥ ትክክል እንደሆነ ጽፈዋል። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በመጀመሪያ ራሱን «ውሻ በእርግጥ ያስፈልገናልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። የማያስፈልገው ሰው አለማምጣቱ ለዲኑም ለእንስሳውም ይሻላል። ልጆች ስላለቀሱ ብቻ የመጣ ቡችላ ካደገ በኋላ ጎዳና ላይ የሚጣለው ይህ ጥያቄ በጊዜው ስላልተጠየቀ ነው።

የሚያስፈልገው ሰው ካመጣው በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ስለ ውሻው ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን «ነጃሳ ነው» የሚለው ቃል ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ መላ አካሉ ነጃሳ ሲሆን፣ እርጥበቱ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱም በአፈር ነው። በሐነፊይ መዝሀብ የታመነው ምራቁ እንጂ ገላው ነጃሳ አለመሆኑ ነው። በማሊኪይ መዝሀብ ደግሞ ሕይወት ያለው እንስሳ ሁሉ ጠሃር ነው። ሦስቱም ስለ ዕቃችን፣ ስለ ልብሳችንና ስለ ሶላታችን ተናገሩ። ከመካከላቸው አንዱም ነጃሳ ነውና አስርቡት፣ በድንጋይ ውገሩት፣ ሲታመም ተዉት አላለም። የጠሃራ ሕግ ለእኛ የተሰጠ የንጽሕና ትምህርት እንጂ በእንስሳው ላይ የተላለፈ የቅጣት ፍርድ አይደለም።

ቁርአንን ያነበበ ሰው ይህን ይረዳል። በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ የሠለጠነ አዳኝ ውሻ የያዘልን አደን ተፈቅዶልናል። በሱረቱል አንዓም 38ኛው አንቀጽ በምድር ላይ የሚሄዱትና በክንፋቸው የሚበሩት ሁሉ እንደኛው ያሉ ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሮናል። በሱረቱል ካህፍ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) የዋሻውን ባልደረቦች ታሪክ ሲነግረን ውሻቸውን አልዘነጋውም። እነርሱ በውስጥ ተኝተው፣ እርሱ ከደጃፉ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ እንደነበር ገልጾልናል። ልብ በሉ፤ ቦታው ደጃፍ ነው። ወደ መኝታ አልገባም፤ ግን አልተባረረም።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የጉድጓዱን ሰው ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። መንገደኛው ውሃ ጥም ጸንቶበት ወደ ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ በጥም የተነሳ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። ተመልሶ ወረደ፤ ጫማውን ውሃ ሞላ፤ በአፉ ነክሶ ይዞ ወጣና አጠጣው። አላህም ማረው። ሶሓቦች በእንስሳት ምክንያት አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ባለው ፍጡር ሁሉ ምንዳ እንዳለ አስረዷቸው። ያ ሰው ያጠጣበት ዕቃ የገዛ ጫማው ነበር። የውሻ አፍ የነካው ጫማ ይታጠባል፤ በጥም የጠፋች ነፍስ ግን አትመለስም። ሰውየው የትኛው ሊስተካከል እንደሚችልና የትኛው እንደማይችል ለይቶ አወቀ።

ከዚህ ጎን ድመትን አስራ በረሃብ የገደለችውን ሴት ታሪክ አስቀምጡት። የቅጣቷ ምክንያት ተዘርዝሮ ተነግሯል፤ አላበላቻትም፤ ምድር ላይ ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ነገሩን ያከበደው ማሰሯ ነው። ልቅ የሆነ እንስሳ ሪዝቁን ራሱ ይፈልጋል። እኛ ሰንሰለት ስናስርበት ግን ያ መንገድ በእጃችን ተዘጋ፤ የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ ጥላውና ሕክምናው ሁሉ በእኛ ላይ ወደቀ። ሰንሰለቱ አንደኛው ጫፉ በውሻው አንገት ላይ ነው፤ ሌላው ጫፍ በእኛ አንገት ላይ መሆኑን እንዘነጋለን።

በ1262 ያረፉት ሊቅ ዒዝዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም ባይሰጥም እንኳ ቀለቡን መስጠት እንዳለበት ጽፈዋል። ይህ ከ750 ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። በእኛ ዘመን ግን ዓመታት ሙሉ በር የጠበቀ ውሻ ጥርሱ ሲያልቅና ዓይኑ ሲፈዝ በመኪና ተጭኖ ሌላ ሰፈር ይጣላል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን የእርሱን ታማኝነት እንተርታለን፤ የእኛ ታማኝነት ግን እስከ ጥርሱ ድረስ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ሐቁን መወጣት በተግባር ምን ማለት ነው?

የመጀመሪያው ምግብና ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ በማንኛውም ሰዓት ከፊቱ ሊኖር ይገባል። ሰንሰለት የግድ ካስፈለገ ከፀሐይና ከዝናብ ወደሚጠለልበት የሚያደርስ ረጅም ይሁን፤ በቀን የተወሰነ ሰዓትም ይፈታ። በጠራራ ፀሐይ በቆርቆሮ ሥር የሚውል ውሻ መጋገር ነው የሚደርስበት። ትራፊ ስንሰጥም እንምረጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ ስለዚህ የወጥ ቅሪት ዘወትር ማብላት ጉዳት አለው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ሁለተኛው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው፤ ከተነካሾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ኢብን ሲና (980-1037) ስለ እብድ ውሻ ንክሻ በአል-ቃኑን መጽሐፋቸው ጽፈዋል። በእርሳቸው ዘመን ያልነበረው ክትባት ግን ከ1885 ጀምሮ በሰው እጅ ገብቷል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪም በሚወስነው ጊዜ ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ስለዚህ የእኛን ውሻ ማስከተብ የጎረቤትን ሐቅም መወጣት ነው። ያልተከተበ ውሻ የጎረቤትን ልጅ ቢነክስ «ቀደር ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ግመሌን አስሬ ልመካ ወይስ ለቅቄ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታልና።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ይኬድ። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ዱዓ እናድርግ፤ ግን ዱዓችንን ወደ ሐኪም እየሄድን እናድርግ። የነከሰው ውሻ ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ። ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው ወይም እግሩ የሰለለ ውሻ ካያችሁ ራሳችሁም ልጆቻችሁም አትቅረቡት፤ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

ሦስተኛው በተለይ እኛን ሙስሊሞችን የሚመለከት ነው። በዒድ አል-አድሐ ኡድሒያችንን ስናርድ፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘበት አውጥተን ለውሻ እንወረውራለን። ይህን የምናደርገው በቅን ልብ፣ ሶደቃ ነው ብለን ነው። ሆኖም ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዘር ቤት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በሣር በኩል ወደ በግና ወደ ከብት፣ ባልታጠበ እጅና አትክልት በኩል ደግሞ ወደ ልጆቻችን ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ዓመታት ሙሉ ቀስ እያለ አድጎ እስከ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። የታመመው አካል ይቃጠል ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር፤ ደህናው ሥጋ ለውሻው ሲሰጥ በሚገባ ይቀቀል። ውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በሐኪም ምክር በየጊዜው ይውሰድ። ልጆች ውሻውን ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። እዚህ ላይ የጠሃራ ትምህርታችንና የሐኪሙ ምክር በአንድ ቧንቧ ሥር ይገናኛሉ።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን የሚማሩት ከአንደበታችን ይልቅ ከእጃችን ነው። አባት ውሻውን በእርግጫ ሲመታ ያየ ልጅ ነገ በመንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ በድንጋይ ይወግራል፤ ደካማን መምታት ነውር እንዳልሆነም በዚያው ይማራል። በተቃራኒው፣ ልጁ ከሶላት በፊት ልብሱን ከውሻ ምራቅ እንዲጠብቅ፣ ከሶላት በኋላ ደግሞ የውሻው የውሃ ዕቃ ባዶ እንዳይሆን እንዲያይ ብናስተምረው ሁለቱንም ያገኛል። ሲበላና ሲተኛ እንዳይነካው፣ ጅራቱን እንዳይጎትት ብንነግረውም ልጁም ውሻውም ከጉዳት ይድናሉ።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስብ። ሰው ሲበደል ይናገራል፤ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ይልካል። ደጃፋችን ላይ የታሰረው እንስሳ ግን ከእኛ ሌላ የሚያቤቱታበት ሰው የለውም። ከሳሽ የሌለበት በደል ቀላል ይመስለናል። ነገር ግን ቃል ለሌለው ከሳሽ ምስክሩም ፈራጁም አላህ ነው። ዛሬ ማታ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ወደ ደጃፉ ወጥተን ዕቃው ውሃ እንዳለው፣ አንገቱ በሰንሰለቱ እንዳልቆሰለ እንይ። ከነካን እንታጠባለን፤ ውሃው ቀርቧልና።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ፣ ለፍጡሮቹ አዝነን የእርሱን እዝነት የምናገኝ ያድርገን። አሚን።